ቆሞ የከረመ ሞተርና የችኮላ ፍርድ

የሰው እጅ የሠራው መሣሪያ ሁሉ የሚያረጀው በሥራ ብዛት ብቻ ይመስለናል። ምሳር ሲቈርጥ ይደንዛል፤ ጫማ ሲረግጥ ያልቃል፤ የወፍጮ ድንጋይም ሲፈጭ ኖሮ ይልማል። ከዚህም የተነሣ አንድ ዕቃ ሥራ ፈትቶ ከተቀመጠ፥ እንደ ተቀመጠ ሳይለወጥ የሚቈይ አድርገን እናስባለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ማሳ ጦሙን ሲያድር አረም ይወርሰዋል፤ ቤትም ሰው ሲለየው ጣራው ያፈሳል። መሣሪያም ሥራ ሲፈታ፥ ሥራ ያላመጣበትን ደዌ ዕረፍት ያመጣበታል።

ለዚህ ነገር የአውቶሞቢል ሞተር ጥሩ ምስክር ነው። ወራትና ዓመታት ቆሞ የከረመ መኪና በብዙ ልፋት ሲነሣ፥ ብዙ ጊዜ ሞተሩ እንደ ቀድሞው አይረጋም። ይንቀጠቀጣል፥ ያስነጥሳል፥ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣም ይጠፋል። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ጐረቤቱም ይሰበሰባል። አንዱ «ሞተሩ አልቋል» ይላል፤ ሌላው «ለብረት ገዢ ስጡት» ብሎ ይመክራል። እኛ በሙያችን መካኒኮች አይደለንም። የምንሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሲሆን፥ ስለ ሞተር ያለን ዕውቀት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስና፥ ከዚያ ወዲህ ከመጻሕፍት እንዲሁም ከባለሙያዎች አጠገብ ቆመን የለቀምነው ነው። ሆኖም በቅርብ የተመለከትነውን አንድ ጉዳይ ምክንያት አድርገን፥ ቆሞ የከረመ ሞተር በምን ሥርዓት መመርመር እንደሚገባው ለአንባቢዎቻችን ለመግለጥ እንወዳለን።

መኪናው ሳይጓዝ፥ ነጂውም ነዳጅ ሳይሰጥ፥ ሞተሩ በራሱ በዝግታ የሚዞርበትን ሁኔታ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ በወረሱት ቃል «ሚኒሞ» ይሉታል። በብዙ መኪናዎች ይህ ዝግታ በደቂቃ ከ700 እስከ 900 ዙር ያህል ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ሚኒሞ ለሞተር ዕረፍት ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከባድ ፈተናው ነው። እንዝርት በፍጥነት ሲሽከረከር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲዘገይ ግን ይንገዳገዳል። ሞተርም እንደዚሁ በፍጥነት ሲዞር ጕድለቱን በጕልበቱ ይሸፍናል። በዝግታ ሲዞር የሚገባው አየርና ቤንዚን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ከዚያች ጥቂት ላይ የጐደለች ወይም የተጨመረች ነገር ሁሉ ወዲያው ትታወቃለች። ስለዚህ ቆሞ የከረመ መኪና ሕመሙን አስቀድሞ የሚናገረው በሚኒሞ ነው።

ለመሆኑ የቆመ ሞተር ምን ምን ያገኘዋል? አንደኛ፥ ቤንዚኑ ያረጃል። ቤንዚን የብዙ ፈሳሾች ድብልቅ ነው፤ ከእነዚህም ቀላሉና ፈጥኖ የሚነደው ክፍል ተንኖ ይሄዳል። የቀረው ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዝቃጭ ይሆናል። ለዚህም አያያዙ ከከፋ ጥቂት ወራት ይበቃሉ። በአገራችን ደግሞ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መደባለቅ ተጀምሮ፥ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኤታኖል ከአየር እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። እርጥበቱ ሲበዛም ውሃውና ኤታኖሉ ከቤንዚኑ ተለይተው ወደ ማጠራቀሚያው ግርጌ ይወርዳሉ። እንዲህ ያለ ቤንዚን ይዞ የቆመ መኪና ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠጣው ይህንኑ የግርጌውን ውሃ ነው።

ሁለተኛ፥ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚተላለፍባቸው ክፍሎች ይበላሻሉ። ባትሪው ይሞታል፤ በቀድሞዎቹ መኪናዎች ብልጭታውን የሚቈጣጠረው «ፑንቲና» ፊቱ ላይ ደቃቅ ቅርፊት ያበቅላል። ሦስተኛ፥ ከጐማና ከወረቀት የተሠራው ማያያዣ ሁሉ ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፥ የማይፈለግ አየርም ያስገባል። አራተኛ፥ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱ ወርዶ ያልቅና ቫልቭ ወይም የፒስተን ፋሻ ሊጣበቅ ይችላል። አንባቢ እንደሚያስተውለው፥ ከአራቱ ሦስቱ በጥቂት ወጪ ከውጭ የሚደረስባቸው ናቸው፤ ሞተር ሊያስከፍት የሚችለው አራተኛው ነው። የብዙ ሰው ምርመራ የሚሳሳተው ከአራተኛው ስለሚጀምር ነው።

እንግዲህ ወደ ተመለከትነው ጉዳይ እንሂድ። በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት አሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በግቢያቸው ጥግ አንዲት ቮልስዋገን ስድስት ዓመት ቆማ ነበር። ሞዴሏ 1300 የሚባለው፥ የሞተሯም ይዘት 1285 ሲ.ሲ. ነው። ይህች ቅርጿ እንደ ጥንዚዛ የሆነ መኪና በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፥ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ይታወቃል። በአገራችን የመምህሩና የጸሐፊው መኪና ሆና ኖራለች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በዚችው ዓይነት መኪና ነበር። የእኚህ እናት ባለቤትም መምህር ነበሩ። መኪናዋን ከደመወዛቸው ቈጥበው ገዝተው፥ ልጆቻቸውን በእርሷ ትምህርት ቤት አመላልሰው፥ ለቁም ነገር አብቅተውባታል።

እናቲቱ የቤታቸው ጣራ ስላረጀ መኪናዋን ሸጠው ሊያሳድሱት አሰቡ። አንድ ጋራዥ ባለሙያ ልኮ አስመረመራት። ሰውዬው አዲስ ባትሪ አስሮ፥ ከማጠራቀሚያው በነበረው ቤንዚን ላይ ጥቂት አዲስ ጨምሮ አስነሣት። ሞተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ተንቀጥቅጦ ጠፋ። ባለሙያው የአራቱን ሲሊንደሮች የአየር ግፊት፥ መካኒኮች «ኮምፕሬሽን» የሚሉትን፥ በመሣሪያ ለክቶ በወረቀት ጻፈና «ጤነኛ ሞተር 120 ይደርሳል፤ ይህ ግን 90 እንኳ የማይሞላ ነው፤ ሞተሩ አልቋልና ይለወጥ፥ አለዚያም ለብረት ይሸጥ» ብሎ ሄደ። የሞተሩ መለወጫ ዋጋ ከእናቲቱ አቅም በላይ ነበር። ወዲያውም በኪሎ መዝኖ የሚገዛ አንድ ነጋዴ መጣ። እናቲቱም ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ መጡና «ልጄ፥ እስቲ ይህን አንብብልኝ። የሟች አደራ ነችና ሳላውቅ ልገድላት አልወድም» አሉን።

በወረቀቱ ላይ የነበሩት ቍጥሮች 88፥ 90፥ 86 እና 89 ናቸው፤ መለኪያውም ፒ.ኤስ.አይ. የሚባለው ነው። መዝገብ የሚመረምር ሰው የተጻፈውን ቍጥር ከመቀበሉ በፊት፥ ቍጥሩ የት ቦታና በምን ሁኔታ እንደ ተጻፈ መጠየቅ ልማዱ ነው። እኛም ሁለት ነገር አስተዋልን። የመጀመሪያው፥ አራቱ ቍጥሮች እኩል ለመሆን ጥቂት የቀራቸው መሆናቸው ነው። ቫልቭ ቢጣበቅ ወይም ፋሻ ቢሰበር ኖሮ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ እጅግ ዝቅ ብሎ በታየ ነበር። ሁለተኛው፥ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች መሆኗ ነው። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ሞተር የሚያምቀው ከውጭ የሚስበውን አየር ስለ ሆነ፥ በባሕር ዳርቻ 120 የሚያሳይ ሞተር በእኛ ከተማ ሲለካ 90 ገደማ ያሳያል። እንግዲያስ ወረቀቱ የከሰሰው ሞተሩን ሳይሆን የእንጦጦን ሰማይ ኖሯል።

ይህን ይዘን በሰፈራችን ጡረታ ወጥተው ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄድን። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ከተመለከቱት በኋላ «ይህ እኮ የጤና ምስክር ወረቀት ነው» አሉ። ወዲያውም «ነገር ግን አራቱም እኩል አልቀው እንደ ሆነስ? እርሱን የምናውቀው ስትሠራ ሰምተናት ነው» ብለው አስጠነቀቁን።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በግቢው ተገናኘን። ሽማግሌው መፍቻ ከመያዛቸው በፊት ያዘዙት፥ ቡና ሊፈላበት የነበረው የከሰል ምድጃ ወደ ጓሮ እንዲወሰድ ነበር። «ቤንዚን በሚቀዳበት ግቢ ቡናም ቢሆን ይታገሣል» አሉ። ከዚያ በኋላ የስድስት ዓመቱ ቤንዚን እስከ መጨረሻው ጠብታ ተቀዳ። መልኩ እንደ ሻይ የጠቈረ፥ ሽታውም ቫርኒሽ ቫርኒሽ የሚል ነበር። የማጠራቀሚያው ወንፊትና የካርቡራተሩ ሳህን ታጠቡ። አራቱ ካንዴላዎች ተፈትተው በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ ተደረገና፥ ሞተሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ተዞረ። የትም ሳይነክስ ዞረ። አሮጌው የሞተር ዘይት ወጥቶ ሁለት ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ተተካ። የፑንቲናው ፊት ተጠርጎ ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ሆነ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አዲስ ቤንዚን ተቀድቶ ሞተሩ ተነሣ።

ተነሣ እንጂ አልረጋም። እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው ነዳጅ ጨመር ሲያደርጉለት ግን ድምፁ ጠራ፤ መንቀጥቀጡም ቀረ። እግራቸውን ሲያነሡ ሕመሙ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ወደ እኛ ዞር ብለው «ስትሮጥ አታነክስም። እግሯ ደኅና ነው፤ የታመመው ትንፋሿ ነው» አሉን። ሞተሩ በእውነት ያለቀ ቢሆን ኖሮ በፍጥነትም ላይ ጕልበት ባጣ ነበር።

ቀጥለው በደረቅ ጨርቅና እጀታው ጐማ በሆነ መቈንጠጫ የካንዴላዎቹን ገመዶች በየተራ አንድ አንድ እያሉ አላቀቁ። የዚህ ፈተና ፍቺ ቀላል ነው። የሚሠራ ሲሊንደር ገመዱ ሲላቀቅ ሞተሩ ይደክማል፤ የማይሠራው ግን ቢላቀቅም ለውጥ የለም። በዚህች መኪና አራቱም በየተራቸው ሲላቀቁ ሞተሩ እኩል ደከመ። እንግዲህ በሽታው የአንድ ካንዴላ ወይም የአንድ ቫልቭ አይደለም፤ አራቱ ሲሊንደሮች በጋራ ከሚጠጡት ምንጭ ነው ማለት ነው። ምርመራው ከሃያ ከሚበልጡ ጥርጣሬዎች ወደ ሁለትና ሦስት ወረደ።

የጋራው ምንጭ ካርቡራተር ነው። ሞተር በፍጥነት ሲዞር ቤንዚን የሚያገኘው በሰፊው መንገድ ሲሆን፥ በሚኒሞ ጊዜ የሚያገኘው ግን ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ በማይበልጥ ቀዳዳ በኩል ነው። ይህችም ቀዳዳ በአንዲት ትንሽ የናስ ብሎን ውስጥ የተበሳች ናት። ሽማግሌው የሚኒሞውን ድብልቅ የምታስተካክለውን ብሎን ወደ ውስጥ አዞሩ፤ ሞተሩ አልተለወጠም። ወደ ውጭ አዞሩ፤ አሁንም አልተለወጠም። «በሩን ብከፍትም ብዘጋም እንግዳ ካልገባ፥ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው» አሉ። የናሷ ብሎን ተፈትታ ወደ ፀሐይ ስትታይ ቀዳዳዋ አልታይ አለ፤ የደረቀ የቤንዚን ሙጫ ደፍኗታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሽቦ ያነሣል። ሽቦ ግን ናሱን ፍቆ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘወትር ከልክ በላይ ይጠጣል። ሽማግሌው ብሎኗን በመፈልፈያ ፈሳሽ ውስጥ ካቈዩ በኋላ ወደ እናቲቱ ተመልክተው «እመቤቴ፥ ጭራዎን ያውሱኝ» አሉ። እናቲቱም «ዝንብ ሊያባርሩ ነው?» ብለው ሳቁ። «ስድስት ዓመት የተቀመጠ እንግዳ ላስወጣ ነው» ብለው ከጭራው አንድ ፀጉር ነቀሉና በቀዳዳው አሳለፉት፤ በአየርም ነፉት። ከብሎኗ ማዶ የፀሐይ ብርሃን እንደ መርፌ ጫፍ ታየ።

ብሎኗ ተመልሳ ሞተሩ ሲነሣ ሚኒሞው ያዘ። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ሽማግሌው በካርቡራተሩ እግር ዙሪያ ጥቂት ንጹሕ ውሃ ረጩ። ውሃው በነካበት ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ይህም አየር በዚያ በኩል ይገባ እንደ ነበረ ያሳያል። ከሥሩ ያለው «ጓርኒሲዮን» የተባለው የወረቀት ልባድ ደርቆ ተሸብሽቦ ነበርና በአዲስ ተተካ። ለዚህ ፈተና ቤንዚን ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ፈሳሽ የሚረጩ አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት መጥራት ስለ ሆነ ውሃ ይበልጣል። በማግስቱ ሞተሩ በርዶ ሳለ የቫልቮቹ ክፍተት ታየ፤ እንደ ሞዴሉ 0.10 ወይም 0.15 ሚሊሜትር መሆን ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ሚኒሞው በደቂቃ 850 ዙር ላይ ተስተካከለ። የወጣው ገንዘብ የዘይት፥ የቤንዚንና የአንድ ልባድ ዋጋ ነበር።

እናቲቱ በመስኮቷ በኩል እጃቸውን አግብተው መሪውን ያዙ። ሞተሩ ሲዞር መሪው በእጃቸው ላይ በቀስታ ይርገበገብ ነበር። ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ «አሁን ብሸጣትም በሕይወቷ ነው የምሸጣት» አሉ። የብረት ነጋዴው በሦስተኛው ቀን ሚዛኑን ይዞ ሲመጣ፥ መኪናዋ ከበሩ ፊት ለፊት ቆማ ትሠራ ነበር።

ምናልባት አንባቢ «የእኛ መኪና ካርቡራተርም ፑንቲናም የላትም» ይል ይሆናል። ዛሬ በከተማችን የምናያቸው አብዛኞቹ መኪናዎች ቤንዚን የሚረጨው በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ነገር ግን የምርመራው ሥርዓት አንድ ነው። በእነዚህም ቢሆን ያረጀ ቤንዚን የመርጫውን ቀጭን አፍ ይደፍናል፤ አየር ማስገቢያው በጥላሸት ይያዛል፤ የጐማ ቱቦ ይሰነጠቃል፤ አይጥም የኤሌክትሪክ ገመድ ትበላለች። ባትሪው ሞቶ ሲለወጥ ኮምፒውተሩ የለመደውን የሚኒሞ ልክ ሊረሳ ስለሚችል፥ ጥቂት እስኪለማመድ መንቀጥቀጡ የሚጠበቅ ነው። መመርመሪያ መሣሪያው ፒ 0301 የሚል ምልክት ቢያሳይ አንደኛው ሲሊንደር በሚገባ አይነድም ማለት ነው። ፒ 0300 ቢል ችግሩ በአንድ ሲሊንደር ብቻ አልተወሰነም፤ ፒ 0171 ቢል ደግሞ ድብልቁ አየር በዝቶበታል። ምልክቱ የሕመሙን ስም ይነግራል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። አየር የበዛው ቱቦ ተሰንጥቆ ይሁን ወይም የቤንዚን መርጫው ተደፍኖ፥ ሰው ራሱ መፈለግ አለበት። ምልክቱን ብቻ አይቶ ዕቃ የሚለውጥ ሰው፥ 90 የሚለውን ቍጥር ብቻ አይቶ ሞተር ከሚያስለውጠው የተለየ አይደለም።

መኪናውን ለረጅም ጊዜ ማቆም ግድ የሆነበት ሰውም አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። ካርቡራተር ያለው መኪና ከሆነ ቤንዚኑ ከካርቡራተሩ ይፍሰስ። የባትሪው ገመድ ይላቀቅ፤ ዘይቱ አዲስ ይሁን። ሰው ካለ መኪናው በየሁለት ሳምንቱ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ ቢነዳ ይመረጣል፤ ለአምስት ደቂቃ ብቻ አስነሥቶ ማጥፋት በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማልና ከጥቅሙ ጕዳቱ ያመዝናል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ሞተር ፈጽሞ አይነሣ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። በየግቢያችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች እንግዲህ ምትክ በቀላሉ የማይገኝላቸው ንብረቶች ናቸው። አንዳንዶቹ በእርግጥ አልቀዋል፤ ብዙዎቹ ግን የሚጠብቁት በትዕግሥት የሚመረምራቸውን ሰው ነው። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ ሞተር በችኮላ አውርዶ የለቀመ ሰው ይህን ተረት በሚገባ ያውቀዋል።

ስለዚህ ቆሞ የከረመ መኪና ያለው ሰው መፍቻ ከማንሣቱ በፊት አንድ ወረቀት ያዘጋጅ። መኪናው መቼ እንደ ቆመ፥ ምን ቤንዚን እንደ ነበረበት፥ ሞተሩ በሚኒሞና በፍጥነት ላይ ምን እንደሚያሰማ ይጻፍ። ከቤንዚኑ ጀምሮ ወደ ብልጭታው፥ ከብልጭታው ወደ አየሩ፥ ከአየሩም በመጨረሻ ወደ ሞተሩ ሆድ ይሂድ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ የሆነውን ይመዝግብ። ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ሞተሩ በእውነት ሞቶ ቢገኝ እንኳ፥ የሚቀብረው የሞተበትን ምክንያት አውቆ ይሆናል።